የማን እንደሆነ ያልታወቀው ለቅሶ

እናንተ እንዴት እንደሆናችሁ አላውቅም፤ እኔ የዘንድሮ ፊልም አልችልም። የዘንድሮ ፊልም ገና ትራሴን ሳላስተካክል አንዱን ይገድልብኛል። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገዳዩን ፈልግ ይለኛል። እኔ ቀኑን ሙሉ ወደብ አጠገብ ያለ መጋዘን በር ላይ ቆሜ ሰውና መኪና ስፈትሽ የምውል ጥበቃ ነኝ። ቤቴ ገብቼ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ልፈልግ? ለዚህ ደመወዝ የሚከፈለው ፖሊስ አለ።

የድሮው ጥቁርና ነጭ ፊልም እንዲህ ሰው አያስቸግርም። ትልቁ አደጋ የሰውዬው ባርኔጣ ወንዝ ውስጥ መግባቱ ነው። በቀደም ያየሁት ላይ አንዱ ጎረምሳ እጮኛውን ለማየት ብሎ ቀሚስ ለብሶ፣ የቤት ሠራተኛ ነኝ ብሎ ይገባል። ጢሙ እስከ ጉንጩ እየታየ ማንም አይጠረጥረውም። ባለቤቴ ማሬ፣ «እንዴት ነው የማያውቁት? ዕውሮች ናቸው?» እያለች ተናደደች።

«ቢያውቁትማ ፊልሙ ወዲያው ያልቅ ነበር» አልኳት።

የድሮ ፊልም ውበቱ ይኸው ነው። ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ጅል ነው፤ ክፉ ግን የለበትም። ልክ እንደኛ ዘመድ።

ልብ ወለድም ስመርጥ እንደዚያው ነኝ። ቤተ መጻሕፍት ያለችውን ልጅ፣ «ሰው የማይሞትበት፣ መጨረሻው ደህና የሆነ ስጪኝ» ስላት፣ ጨጓራውን የማይነካ መድኃኒት እንደሚጠይቅ በሽተኛ ታየኛለች። ትየኝ እንጂ! እኔ ሆደ ባሻ ነኝ። መጽሐፍ ውስጥ አንዲት አሮጊት ብቻዋን ሻይ ስትጠጣ ካነበብኩ እንባዬ ይመጣል። ሻዩ ከቀዘቀዘማ አለቀልኝ።

ታዲያ ይኼን ሁሉ አስተያየት ለብቻዬ ይዤ እንዳልፈነዳ፣ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በስልክ አንድ ግሩፕ ከፍተናል። ጠዋት ከሰፈሬ ከሃሊሳ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ሥራ ስሄድ፣ ያየሁትን ፊልም ወይም ያነበብኩትን መጽሐፍ በድምፅ እየቀዳሁ እተነትንላቸዋለሁ። ምዘናዬ ቀላል ነው። ካሳቀኝ «ደህና» ነው። አስቆኝም ካስለቀሰኝ «እሰይ» ነው። ማሬ ሥራዋን ጥላ መጥታ ቆማ ካየችው ወይም ካዳመጠችው፣ ያ ሥራ «ንጉሥ» ይባላል። እስካሁን ንጉሥ የሆነው አንድ ፊልም ብቻ ነው፤ እሱንም ማሬ ቆማ ያየችው እግሯ ደንዝዞ ነው ትላለች።

ስልኬ ላይ ሌላም ግሩፕ አለ። ስሙ «ለቅሶና ደስታ» ነው። ከአገር ቤት መጥተን ሃሊሳና ክራዮት የሰፈርነው ወገን በሙሉ እዚያ አለን። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተዳረ፣ ማን ሆስፒታል እንደገባ ይነገርበታል፤ ከዚያ ውጪ ቀልድ የለም። ሽማግሌዎቹ ጽሑፍ ስለማይሆንላቸው የሚላከውን ድምፅ አንድም ሳያስቀሩ ያዳምጣሉ። ሐኪማቸውን እንደዚያ ቢያዳምጡ ኖሮ የሁሉም ስኳር በወረደ።

ያን ሰሞን የያዝኩት ልብ ወለድ እጄ ላይ ተጣብቆ ነበር። ባሏ የሞተባት አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ፣ ከበታቿ የሚኖር አኩራፊ ጎረቤት፤ በቃ፣ ለኔ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ጠዋት አውቶቡስ ላይ ሆኜ የመጀመሪያውን ክፍል፣ ማለት ርእሱን፣ የደራሲዋን አገር፣ ስንት ቀን እንደያዝኩት፣ በትክክል ለባልደረቦቼ ላክሁ። በመሐል የትኬት ተቆጣጣሪ ገባና ካርዴን ስፈልግ ስልኩን ዘጋሁት። ተቆጣጣሪው አልፎኝ ሲሄድ መልሼ ከፈትኩና ካቆምኩበት ቀጠልኩ። የቀጠልኩት ግን «ለቅሶና ደስታ» ላይ ነበር።

ድምፁን ኋላ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ደጋግመውም አሰምተውኛል። እንዲህ ይላል፦

«ወገኖቼ፣ ይቺ ሴት ባሏ ከሞተ ወዲህ በሯን የሚያንኳኳላት ሰው የለም። ባሕሩ ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የስፌት መኪናዋን ታቅፋ ቁጭ ብላለች። መኪናዋ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ከታች ያለው ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል። ግን እኮ ይወዳታል! ይወዳታል እኮ! እሱም ዝም፣ እሷም ዝም። እኛስ እስከ መቼ ነው ዝም ብለን የምናየው?»

ከዚያ ድምፄ ይቆረጣል። አፍንጫዬን ስስብ ይሰማል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ራሴስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ የቀረኝ አፌ ነበር።

ሥራ ቦታ ስልክ መያዝ ክልክል ነው። ሳጥን ውስጥ ቆልፌው የመጋዘኑ በር ላይ ቆምኩ። ያን ቀን ደስተኛ ነበርኩ። ለሚገባውም ለሚወጣውም ሹፌር «ቦኬር ቶቭ»፣ ደህና አደርክ፣ እያልኩ፣ ልብስ ሰፊዋ ሴትዬ በስተመጨረሻ ምን ትወስን ይሆን እያልኩ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ሚሽመሬቴን ጨርሼ፣ ማለት ተረኛው ተቀብሎኝ፣ ሳጥኔን ስከፍት ስልኬ እንደ ታመመ ዶሮ ይንቀጠቀጣል። ማሬ ናት።

«አንተ! አክስቴን ምን አድርጋህ ነው?»

«የቷ አክስትሽ?»

«እትዬ የዝና! በሯን የሚያንኳኳ የላትም ብለህ በሕዝብ ፊት አልቅሰሃል! ባለፈው ሳምንት ዶሮ ይዤ የሄድኩት የማን በር ነው? ሰው ሁሉ ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ? አክስቷን የጣለች እያሉኝ ነው!»

ያኔ ነው የበራልኝ። የማሬ አክስት እትዬ የዝና ከክራዮት ሰፈሮች በአንዱ፣ ክርያት ያም፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ባላቸው ሞተዋል። የስፌት መኪና አላቸው። ከበታቻቸው ደግሞ ጋሼ ፈንቴ አሉ፤ ወደብ ላይ ዕቃ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ዝምተኛ ሰው። የእትዬ የዝና የታጠበ ልብስ በረንዳዬ ላይ ያንጠባጥባል ብለው ከተናገሩ ወዲህ ሰላምታ የለም። ደራሲዋ ክርያት ያምን በሕልሟም አይታት አታውቅም፤ ግን ምን አባቴ ልበል? ከመጥረጊያው እንጨት በቀር የጎደለ የለም። እሱንም ሰው ጨመረበት፤ አንዳንዱማ ሲደበድቡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ማለት ጀምሮ ነበር።

«ማሬ፣ መጽሐፍ እኮ ነው! ያነበብኩትን ነው ያወራሁት!»

«ይኼን ለኔ ሳይሆን ለአባ ታከለ ንገራቸው። ሰው ሰብስበው ሊያስታርቁ ወደ ክርያት ያም መንገድ ጀምረዋል» ብላ ዘጋችው።

አባ ታከለ የሽማግሌዎቻችን አለቃ ናቸው። ያላስታረቁት ባልና ሚስት ቢኖር ሳይጣላ የሞተ ብቻ ነው። ስለዚህ ቶሎ ማስተባበል አለብኝ ብዬ፣ እዚያው ሳጥኔ አጠገብ ቆሜ፣ በተረጋጋና በከበደ ድምፅ «ለቅሶና ደስታ» ላይ እንዲህ አልኩ፦

«ወገኖቼ፣ አትረበሹ። ያቺ ያልኳችሁ ሴት የለችም። በቃ፣ የለችም። ከእንግዲህ ስለሷ አትጨነቁ።»

ይኼን ልኬ፣ ነገሩን በብልሃት ዘጋሁት ብዬ፣ ስልኬን ኪሴ ከትቼ የክርያት ያም አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። እንዲያውም መስኮቱ ላይ ተደግፌ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። አማርኛችን ውስጥ «የለችም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ፣ ከአውቶቡስ ስወርድ ማሬን ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስትሮጥ ሳያት ነው።

«እትዬን! እትዬን! እናቴን!»

«ምን ሆኑ?»

«ምን ሆኑ ትለኛለህ? አንተ አይደለህ የለችም ያልከው!»

ላስረዳት አፌን ስከፍት ሕንፃው ሥር ደርሰናል። አባ ታከለ በትራቸውን ተደግፈው፣ ከኋላቸው ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አጣፍተው ቆመዋል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ተሰብስቦ ከደጅህ ሥር ከቆመና ቀና ብሎ መስኮትህን ካየ፣ መርዶ ነው። እትዬ የዝና ደግሞ ስልካቸው ለመደወል ብቻ የሚሆን አሮጌ ስልክ ስለሆነ ከነገሩ ሁሉ አንዱንም አልሰሙም። ስፌታቸው ላይ ቆይተው ንፋስ ለመቀበል መስኮቱን ከፈት ሲያደርጉ ያን ሁሉ የዘቀዘቀ ነጠላ አዩ።

«ወንድሜን!» ብለው አንዴ ጮኹ። ደቡብ የሚኖር አንድ ወንድም አላቸው።

ከላይ ጩኸት ሲሰማ ከታች ያሉት፣ «አይ፣ እውነት ነው፤ ዘመድ ቀድሞ ገብቶ እያለቀሰ ነው» ብለው ተቀበሉ። ደረጃው ላይ ያሉት ሴቶች ደረታቸውን መቱ። ማሬ ሁሉንም ጥሳ ወደ ላይ ወጣች። እኔስ? እኔ መጽሐፍ መሆኑን ከሰው ሁሉ በላይ የማውቀው ሰው፣ ያን ሁሉ እንባ ሳይ፣ «ምናልባት ሞተው ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ዶሮ በልተንበት የነበረው ጠረጴዛ ታየኝ። አለቀስኩ። ሆደ ባሻ ነኝ ብያችኋለሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። የከፈቱት ራሳቸው ሟቿ ናቸው። ሜትር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ እንባቸው ይወርዳል።

«ማን ነው? አትደብቁኝ! ወንድሜ ነው?»

ሕዝቡ ቀጥ አለ። ማሬ ግድግዳውን ያዘች። አባ ታከለ በሕይወታቸው ብዙ መርዶ ነግረዋል፤ እንዲህ ያለ ግን ገጥሟቸው አያውቅም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የዝናዬ፣ በርቺ» አሉ። «የሞትሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ እንዲያ ነው የሰማነው።»

እትዬ የዝና መልስ ሳይሰጡ ከታች በር ሲበረገድ ተሰማ። ጋሼ ፈንቴ ናቸው። እኚያ በዓመት አንዴ የሚናገሩ ሰው፣ በባዶ እግራቸው፣ ሕዝቡን በክርናቸው እየገፉ፣ «ወይኔ! ወይኔ የዝና! ሳልነግራት! አንድ ቀን እንኳ ሳልነግራት!» እያሉ ደረጃውን ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሟቿን ከነሜትራቸው ፊት ለፊት አገኟቸው።

 እንዲህ ያለ ነገር ላይ አባ ታከለ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም።

«ምኑን ሳትነግራት ፈንቴ?»

ጋሼ ፈንቴ ግራ ቀኙን አዩ። 

«ልብሷ… ያንጠባጥባል ብዬ።»

«እሱንማ ስንቴ ነግረውኛል» አሉ እትዬ የዝና።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ሳሎን ገባ። ወንበር ስላልበቃ ግማሹ መሬት ተቀመጠ፤ እኔን ብቻ እንደ ተከሳሽ መሐል አቆሙኝ። አባ ታከለ ድምፄን ከስልካቸው ከፍተው አሰሙ። አፍንጫዬን የሳብኩበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን ከየት አመጣኸው?»

«ከመጽሐፍ ነው አባ።»

«ከኦሪት? ኦሪት ላይ ስለ መጥረጊያ እንጨት የተጻፈ የለም።»

«አይ፣ እንደሱ አይደለም። አንዲት ሴት ከልቧ አመንጭታ የጻፈችው ነው።»

«ውሸት ነው ማለትህ ነው?»

«ውሸትስ አይባልም…»

«እውነት ነው?»

«እውነትም አይደለም።»

«እውነት ካልሆነ ምን አስለቀሰህ?»

መልስ ፍለጋ ወደ ማሬ ዞርኩ።  ማሬ ከጥግ ሆና፣ ቤት እንገናኛለን በሚል ዐይን እያየችኝ ነው። አንዷ ሴት፣ «ከሥራ አስፈቅጄ መጥቼ!» ትላለች። ሌላዋ፣ «እንባዬስ?» ትላለች። ነገሩ እየከረረ ሳለ እትዬ የዝና ዐይናቸውን በመሐረብ ጠርገው እጃቸውን አነሱ።

«ቆዩማ። ይቺ ልብስ ሰፊ ግን መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

አሁን ሞት ይሻላል አልኩ። «እትዬ፣ መጽሐፉን ገና አልጨረስኩትም።»

«ያላለቀ ነገር ይዘህ ነው ይኼን ሕዝብ ከየቤቱ ያስነሳኸው?» አሉ አባ ታከለ። ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። «የት አለ መጽሐፉ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«አውጣ። ቤሰደር፣ እሺ? አሁን ትጨርሰዋለህ።»

እንዲህ ሆኖ ነው እኔ ሥራ ላይ ውዬ፣ ምሳዬን ሳልበላ፣ በሰባራ ዕብራይስጤ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ ስለሌለች ሴት ለተሰበሰበ ለቀስተኛ መጽሐፍ ያነበብኩት። ማንበብስ አይባልም፤ አስነበቡኝ እንጂ። ሴትዮዋ ውጭ አገር ካለው ልጇ ጋር ልትኖር ቤቷን ሸጠች ስል፣ «ልጅ ከጠራማ ትሂድ» አለ አንዱ። «ምኗን ትሂድ! ባይተዋር ሆና ልትቀር?» አለች ሌላዋ። ሁለቱ ሲከራከሩ ገጹ ጠፋብኝ። ጋሼ ፈንቴ ይግቡ ያላቸው ስለሌለ በሩ ላይ እንደቆሙ ናቸው።

በመጨረሻው ምዕራፍ ሴትዮዋ ልትሄድ ትነሣለች። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። አኩራፊው ጎረቤት ሳይጠሩት ይመጣና የስፌት መኪናዋን ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃውን መውረድ ይጀምራል። የራሱ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። «ከዚህ በታች አልችልም» ይላታል። «እንግዲያው ትንሽ ይረፉ» ትለዋለች። «እኔ አይደለሁም የማርፈው፤ መኪናው እዚህ ይረፍ። እኔ ቤት ሆነው ከሰፉ የምደበድበው ጣሪያ አይኖረኝም» ይላታል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ዘጋሁት። አንዲት ሴት ሳታስበው እልል ብላ አፏን ያዘች። ማሬን ቀና ብዬ አየኋት፤ ተነሥታ ቆማለች። እግሯ ይደንዝዝ አይደንዝዝ አልጠየቅኳትም።

አባ ታከለ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጽሐፉ ጉድለት አለበት።»

«ምን ጉድለት አባ?»

«ሽማግሌ ሳይልክ? ደረጃ ላይ? ዕቃ ተሸክሞ ሚስት ይጠየቃል?»

ወንዶቹ በሙሉ ተስማሙ። እትዬ የዝናም ፍርዳቸውን ሰጡ። «ሴትዮዋ ሞኝ ናት። ስንት ዘመን ጣሪያ ሲደበድብባት የኖረን ሰው፣ አንዴ መኪና ስለተሸከመላት?»

«የስፌት መኪና እኮ ከባድ ነው» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ሁሉም ዞረ። ጋሼ ፈንቴ ናቸው። ዐይናቸውን መሬት ተክለዋል። «የድሮው ብረቱ ልዩ ነው። እኔ ወደብ ላይ ስሸከም ነው የኖርኩት፤ አውቀዋለሁ። ዝም ብሎ አይነሣም። የሚያነሣው አስቦበት ነው።»

እትዬ የዝና ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወለቁ፣ ጠቀለሉ፣ መልሰው ፈቱ።

«ታዲያ ምን በር ላይ ይቆማሉ? ገብተው አይቀመጡም?»

«ጫማ አላደረግኩም።»

«ለሞቴ በባዶ እግርዎ የመጡ ሰው፣ ለመቀመጥ ጫማ ያምርዎታል?»

ገብተው ተቀመጡ። አባ ታከለ እድሉን አግኝተው ነገሩን እዚያው ሊጨርሱት፣ «እንግዲህ ሽማግሌም ተሟልቷል…» ብለው ሲጀምሩ እትዬ የዝና አቋረጧቸው። «አባ፣ ከሞት ገና መነሣቴ ነው፤ ልረፍበት።»

ሕዝቡ ያመጣውን የለቅሶ ዳቦ በልቶ፣ እየሳቀ ተበተነ። እኔ «ለቅሶና ደስታ» ላይ መስማት እንጂ መናገር ተከለከልኩ። ማሬ ለጥቂት ቀናት ከኔ ጋር ስትነጋገር ቃል እየቆጠረች ነበር፤ ከዚያ አንድ ማታ፣ «እትዬ ሌላ መጽሐፍ አምጣልኝ ብላሃለች። ሽማግሌ ያለበት ይሁን ብላለች» አለችኝና ሳቋ አመለጣት።

ሠርግ ተደገሰ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። የለም። በመጽሐፍ የምኖረው እኔ ነኝ እንጂ እትዬ የዝና አይደሉም። የሆነው እንዲህ ነው፤ ጋሼ ፈንቴ በሳምንቱ፣ «ሱሪዬ ረዝሞብኛል» ብለው አንድ ሱሪ ይዘው ወጡ። አሳጠሩላቸው። ሌላ ይዘው መጡ። እሱም አጠረ። ከዚያ የመጀመሪያውን መልሰው፣ «አሁንም ይረዝማል» አሉ። ማሬ አክስቷ ጋ በሄደች ቁጥር የስፌት መኪናው አጠገብ ሻይ ይዘው ቁጭ ብለው ታገኛቸዋለች። አንድ ቀን ስትመለስ በሩን እንኳ ሳትዘጋ፣ «ሰማህ? ‹አንተ› አለችው!» አለችኝ። «ያንን ሁሉ ጊዜ ‹አንቱ› እያለች፣ ዛሬ ‹አንተ ሰውዬ፣ እግርህን ሰብስብልኝ› አለችው!»

ባለፈው ክርያት ያም የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጋሼ ፈንቴን አገኘኋቸው። የለበሱት ሱሪ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቀርቷል፤ ካልሲያቸው በሙሉ ይታያል። በእጃቸው ከገበያ የመጣ ከረጢት ይዘዋል፤ ከፈት አድርገው አሳዩኝ። አዲስ ሱሪ ነው፤ ዘርግተው ወገባቸው ላይ ሲያስይዙት ጫፉ አስፋልቱ ላይ ተኛ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ በጣም ይረዝምብዎታል» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ።

«ይረዝማል እንጂ!» አሉ። «ተመስገን፣ ይረዝማል!»